አርባ ስምንት ኪሎ

ጥር 9

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። ይህ ወረቀት ጤናህ ሙሉ፣ ሥራህ የተቃና ሆኖ ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። እቴቴ እናትህም ደህና ናት፤ ብርድ ሲሆን ዳሌዋን ይጠዘጥዛታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ እግሯን የሚያሻትን ባለሙያ "ቀስ በል፣ የሰው እግር ነው፣ የሚታጠብ ምንጣፍ አይደለም" ብላው ወረፋ የሚጠብቀውን ሁሉ አስቃለች። ምርቃቴን ሳትቀንሺ ጻፊ ስላለችኝ እነሆ፦ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የምትረግጠው መሬት ይለስልስልህ፣ ደጅህ ይስፋ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እቴቴ የወደቀች ጊዜ ለሁለት ሳምንት ብዬ መጥቼ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናትና አይከብደኝም። ስፌቴን በፊተኛው ክፍል ዘርግቼ እሠራለሁ፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ስወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆይም፣ ምክንያቱም እቴቴ ብቻዋን የምትችለው ሁለት ሰዓት ነው። የክር ሱቅ፣ ባንክ፣ ገበያ፣ ሁሉም በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ወረፋ ካለ ሳልገባ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ግን ከስድስት ትምህርት ቤቶች ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ልሰፋ ተዋዋልኩ። ትምህርት ቤቶቹ በስድስት ከተማ ነው ያሉት። ተማሪዎቹ ወደኔ አይመጡም፤ እኔ ነኝ በየከተማው ሦስት ሦስት ሳምንት ተቀምጬ፣ እዚያው ለክቼ፣ እዚያው የምሰፋው። የመጀመሪያው በሐምሌ መባቻ ይጠብቀኛል፤ ካልደረስኩ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ጎረቤታችን በያጁ ጣሪያና በር ያለው ተጎታች ሠርቶልኛል፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛና የጨርቅ መደርደሪያ ይይዛል። የቀረኝ እሱን የሚጎትት መኪና ነው።

ሁለት መኪና መግዛት አልችልም። ስለዚህ አንዱ መኪና በአዘቦት ቀን እቴቴን ክሊኒክ የሚያደርስ፣ በጠባቧ መንገዳችን የሚገባ፣ ነዳጅ የማይጨርስ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ተጎታቹን የሚስብ መሆን አለበት። ገንዘብ አልጠይቅህም፤ የምጠይቅህ ዓይንህን ነው። እዚህ ሳለህ መካኒክ ነበርክ፣ እዚያም የመኪና ምርመራ ባለሙያ ነህ። ካንተ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?

ፋርማሲስቱ ነጭ ስቴሽን መኪናውን ሊሸጥ ነው። በናፍጣ ይሄዳል፣ ማርሹ በእጅ ነው፣ ከኋላው የመጎተቻ መንጠቆ አለው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቀኛል። ልግዛው?

እህትህ መርፌ


የካቲት 6

ለእህቴ ለመርፌ፣

ናፍቆቴን ያዘለ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ ሥራ ነው፣ ቤት ነው፣ ቀኑ እንዲሁ ይሄዳል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከቅጥነቷና ከአፏ የተነሳ መርፌ ያልናት ልጅ አሁን አንድ ቶን ልትጎትት ነው። ይህን ስለጠየቅሽኝ ግን አመሰግንሻለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጽፍልኝ መቼ ትመጣለህ ብሎ ነው፤ አንቺ መልሱን የማውቀውን ነገር ጠየቅሽኝ። እዚህ ሥራ ቦታዬ በቀን ሦስት መቶ መኪና በፊቴ ያልፋል፤ ስለ መኪና እስክጠግብ ማውራት እችላለሁ።

ለመጎተት መኪና ሲመረጥ ከመኪናው አይጀመርም፤ ከሚጎተተው ነው የሚጀመረው። ተጎታቹን ዕቃው ሁሉ እንደተጫነ የምድር ሚዛን ላይ አውጪና አስመዝኚው። ከዚያ የመኪናውን መጽሐፍ ግለጪ፤ ምን ያህል እንደሚጎትት ተጽፏል። ልክ በልክ የሆነውን አትግዢ፣ ትርፍ ይኑረው። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው በያጁ ያስገባለት። የዕቃ አቀማመጡም ዋና ነገር ነው፦ ከባዱ ጎማው ላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያደላ። ወደ ኋላ ከበዛ መንጠቆውን ወደ ላይ ያነሳውና መኪናው መሬት አይነክስም፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የመኪናሽ አፍንጫ ሰማይ ሰማይ ያያል።

የፋርማሲስቱን መኪና በተመለከተ አትቸኩዪ። መንጠቆ ያለው መኪና ሲጎትት የኖረ መኪና ነው፤ ፍሪሲዮኑ ተበልቶ ይሆናል፣ የመኪናው አጽም ሻንሲውም ደክሞ ይሆናል። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ከታች ነው። መጀመሪያ ክብደቱን ላኪልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ወንድምሽ


የካቲት 27

ለጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ እኛ ባለንበት ደህና ነን። እቴቴ ደብዳቤህን ሁለቴ አስነብባኝ "ስለ ሻንሲ የሚያስበውን ያህል ስለ ራሱ ይጻፍ" ብላለች። ከዚያ ደግሞ ቶሎ መርቃሃለች።

ተጎታቹን የብረት መጋዘኑ ሚዛን ላይ አስመዘንኩት። ሁሉም ዕቃ ተጭኖ ስምንት መቶ ሰባ ኪሎ ነው። ፍሬኑንም በያጁ አስቀድሞ ገጥሞለታል።

የፋርማሲስቱ መኪና ተሸጠ። ደብዳቤህ ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ወሰደው። አሁን በየቀኑ በበራችን ያልፋል፤ ቧንቧውንና መሣሪያውን ጎትቶ ዳገቷን ሲወጣ ድምፁ እንኳን አይለወጥም። አንተ ከታች ችግር አለው ካልክ ይኖረዋል፤ እኔ ከላይ ነው ያየሁት።

አሁን ያገኘሁት ፒክአፕ ነው። ዶሮ አርቢው ነው የሚሸጠው። ጠንካራ ነው፣ መጽሐፉ ሁለት ቶን ይጎትታል ይላል። ቶሎ ጻፍልኝ፤ ቀኑ እየሄደ ነው።

መርፌ


ሚያዝያ 2

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ፒክአፑ ለተጎታች ጥሩ ነው፣ ለዘወትር ግን አይሆንም። እማዬን እንዴት ታወጪያታለሽ? ከመሬት እስከ መቀመጫው ያለው ከፍታ ለጤነኛም ያስቸግራል። ከኋላ ባዶ ሲሆን ደግሞ ባሌስትራው ይዘላል፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ዳሌዋ ላይ ነው የምታርፈው። የዶሮ አርቢ መኪና ሽታውም አይለቅም። ተዪው።

የብረት መጋዘን ሚዛን አላምንም፤ እንደገና ሌላ ቦታ አስመዝኚው። ሃምሳ ኪሎ ስሕተት መኪና ያስለውጣል። ደግሞ ለመሆኑ ውሉን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ አይቻልም? ነገሩ ሳይጠና መቸኮሉ ይቆጨናል። ዘጠኝ ዓመት የታገሥሽ አንድ ዓመት አያቅትሽም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 19

ለጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን።

ስለ ከፍታው እውነትህን ነው፤ ፒክአፑን ተውኩት። ውሉ ግን አይተላለፍም። ጠይቄ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ብዕሯን አስቀምጣ "እህቴ፣ ልጆቹ እኮ እርቃናቸውን አይጠብቁም" አለችኝ።

ሦስተኛ መኪና አለ። የጥርስ ሐኪሟ መኪና ነው፤ መቀመጫው ከፍም ዝቅም አይልም። በሩ ሰፊ ነው፣ እቴቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ብላ እግሯን ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ሞክራዋለች። ማርሹ አውቶማቲክ ነው። መጽሐፉ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ይጎትታል ይላል። መንጠቆውን በያጁ ያስገባልኛል። ሐኪሟ ሌላ ገዢ የላትም፤ ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልወሰድኩት ለወንድሟ ትሰጠዋለች።

እንዳልከኝ ተጎታቹን እህል መጋዘን ወስጄ እንደገና አስመዘንኩት። ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ነው። የተጨመረ ዕቃ የለም።

መርፌ


ግንቦት 21

ለመርፌ፣

ሰላም ለቤታችሁ።

የሐኪሟን መኪና አትግዢ። አውቶማቲክ ማርሽ ሲጎትት ይግላል፤ ዳገት ላይ ዘይቱ ይቃጠልና መንገድ መሃል ትቀሪያለሽ። ይህን ስንቱ ላይ አይቻለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በየካቲት ስምንት መቶ ሰባ፣ በሚያዝያ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት። የተጨመረ ዕቃ የለም ትያለሽ። አርባ ስምንት ኪሎ ከሰማይ አይወርድም። ሚዛን ሲሳሳት እንዲህ አይሳሳትም፤ እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። አርባ ስምንት ኪሎ አልጋ፣ ፍራሽና የልብስ ሻንጣ ነው። ለሦስት ሳምንት ሥራ የሚወጣ ሰው አልጋውን አይጭንም፤ የማይመለስ ሰው ነው የሚጭነው።

ከጥር ጀምሮ ገብቶኛል። አፍ አውጥተሽ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር። ስድስት ትምህርት ቤት፣ ስድስት ከተማ፤ አንቺ ከቤት መውጣት የምትችይው ለሁለት ሰዓት ነው። እናቴን ለማን ነው ጥለሻት የምትሄጂው?

ወንድምሽ


ሰኔ 4

ለጋሼ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።

ሚያዝያ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። ተጎታቹን እህል መጋዘን የጎተተልኝ የወፍጮ ቤቱ መኪና ነው። እቴቴን ብቻዋን ላለመተው ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ይዣት ሄድኩ። ከክሊኒክ ሌላ ቦታ ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። መንገዱን ሁሉ ሱቆቹን አንድ በአንድ ታያለች፣ የተቀየረ ነገር ስታገኝ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። መጋዘኑ ስንደርስ የተጎታቹን ውስጥ ልይ አለችኝ። የስፌት መኪናዎቹ የሚገፉበት ዝቅ ያለ መወጣጫ አለው፤ በምርኩዟና በትከሻዬ ወጣች። ስሰፋ የምቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የጨርቁን መደርደሪያ ዳሰሰች። የተጎታቹ መስኮት መንገዱን ነው የሚያየው።

መዛኙ "እማማ፣ ይውረዱ፣ ልንመዝን ነው" አላት። አልወርድም አለች። እኔም ለመንኳት። ያን ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦

"ልጄ አንድ ዓመት ሊሞላው ኪሎ ኪሎ እያለ ይጽፋል። እኔንም ጨምራችሁ መዝኑኝ። ሸክሙ ስንት እንደሆነ ይወቀው።"

አንድ ዓመት አልሞላም፤ ለሷ ግን እንደዚያ ነው የሚመስላት። መዛኙ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ቁጥሩን ብቻ ጻፊለት፣ ሌላ ነገር እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ። እስኪ ይጠይቅ እንደሆነ እናያለን አለች።

አርባ ስምንት ኪሎው እናትህ ናት።

ይዣት ነው የምሄደው። ከጥር ጀምሮ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ጥያት ብሄድማ ፒክአፕ በበቃኝ፣ ከፍታውን ማን ይቆጥረው ነበር። መንገድ ላይ ከፊት ከኔ ጋር ትቀመጣለች፣ ስሠራ ደግሞ ከመስኮቱ ጋር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለሦስት ሳምንት አንድ ክፍል ይሰጠናል። የክሊኒኩ ባለሙያ እንቅስቃሴውን አስተምሮኛል፤ እኔ አሠራታለሁ። አንድ ጊዜ "እማዬስ?" ብለህ ብትጠይቀኝ ወዲያው እነግርህ ነበር። አልጠየቅክም። አምስት ወር ስለ ፍሪሲዮን ጻፍክልኝ። እኔም እልህ ይዞኝ ሳትጠይቀኝ አልናገርም አልኩ፤ ይህ ጥፋቴ ነው።

አሁን ከጀመርኩ ልጨርሰው። ዘጠኝ ዓመት አይከብደኝም ብዬ ስጽፍልህ ኖሬያለሁ። ከብዶኛል። ሊያገባኝ የነበረው መምህር ሦስት ዓመት ጠብቆኝ ሌላ አገባ፤ የልጆቹን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ። እሷንም ከብዷታል፤ እኔን እንዳላሰረችኝ ለማስመሰል የሌለባትን እንቅልፍ ትተኛለች። ሁለታችንም ያንን ግድግዳ ስናይ ኖርን።

ሦስተኛውን ደብዳቤህን ሳነብላት ምን እንዳለች ታውቃለህ? "መኪናዎቹስ ምንም አላጠፉም" አለች።

መርፌ


ሰኔ 17

ለእህቴ ለመርፌ፣

የምትሰድቢኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። እማዬ እውነቷን ነው። መኪናዎቹ ምንም አላጠፉም።

የፋርማሲስቱ መኪና እንከን አልነበረውም። መንጠቆ ያለው፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ማርሹ በእጅ የሆነ ስቴሽን፤ ላንቺ ሥራ ከዚያ የተሻለ መኪና የለም። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ያንኑ ቀን አውቄው ነበር። ግዢው ብዬ አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ። ደብዳቤውን ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ የወሩ መጨረሻ እንዲያልፍ ነበር የምጠብቀው።

አንቺ እዚያ እስካለሽ ድረስ እኔ እዚህ መቆየት እችላለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ስትንቀሳቀሺ ልቤ ቆመ።

የመኪና ምርመራ ባለሙያ አይደለሁም። የምሠራው አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። መስታወት ያላት ዳስ አለችኝ፤ እጄን ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። መኪና ሲመጣ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ አግዳሚው ብረት ይነሳል፤ ሲያልፍ ይወርዳል። በቀን ሦስት መቶ መኪና ያልኩሽ እውነት ነው። ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በጎማዎቹ ነው። ስምንት ዓመት ለሰው ሁሉ መንገድ ስከፍት ኖሬ እኔ ከዚያች ዳስ አልወጣሁም።

የመኖሪያ ወረቀት አልወጣልኝም፣ መምጣት አልችልም እያልኩም ዋሽቻችኋለሁ። ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። መምጣት እችል ነበር። ባዶ እጄን፣ ነኝ ያልኩትን ሰው ሳልሆን መምጣት አፈርኩ። እማዬ እየጠበቀችኝ እንደሆነ አስባለሁ፤ ከዚያ ግን አንቺ አለሽላት ብዬ እተኛለሁ።

የሐኪሟን መኪና ግዢው። ዛሬውኑ። ስለ ማርሹ የነገርኩሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ይግላል፣ ግን የዘይት ማቀዝቀዣ ይገጠምለታል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዳገት ላይ ማርሹን ዝቅ አድርጊና ሳትቸኩዪ ውጪ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ላይ አትተኚበት። ተጎታቹ መወዛወዝ ከጀመረ አትደንግጪ፣ ፍሬንም አትያዢ፤ ነዳጁን ልቀቂና መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ራሱ ይረጋል። እየነዳሽ ሳለ እማዬን ተጎታቹ ውስጥ በጭራሽ እንዳታስቀምጫት።

ወደ ኋላ ስትሄጂ መሪውን ከሥር፣ ከታች በኩል ያዢው። እጅሽ ወደሄደበት ተጎታቹ ይሄዳል። ይህን ለማንም ጀማሪ አልነግርም ነበር፣ እራሱ ተሳስቶ ይልመደው እል ነበር።

የምታርፉበትን አድራሻ ላኪልኝ። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ለጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ የደረሰኝ ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። መኪናውን ግን ከዚያ በፊት ገዝቼው ነበር፤ ማቀዝቀዣውንም በያጁ የሚያውቀው መካኒክ ገጥሞልኛል። ይህን የምልህ እንድታዝን ሳይሆን እንዲቀልህ ነው።

ከመንገዳችን ለመውጣት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ሰባት ጊዜ ተጣመመብኝ፤ ቧንቧ ሠራተኛው መሪውን ስጪኝ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። በስምንተኛው መሪውን እንዳልከኝ ከታች ያዝኩት። ወጣ። ዋናውን መንገድ ይዘን ወደ ፊት ስንነሳ እቴቴ ከፊት ተቀምጣ መሐረቧን አውለበለበች፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ የሚያውቃት ሰው ሁሉ ከበስተኋላችን ነበር።

ቤቱን ለፋርማሲስቱ ልጅ አከራይታዋለች። ይህን የምጽፍልህ ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ደጃፍ ነው፤ ልጆቹ ለመለካት ተሰልፈዋል። የነገርከኝን ሁሉ አንብቤላታለሁ፣ ስለ ዳሷም፣ ስለ ወረቀቱም። ስጨርስ እንደገና አንብቢልኝ አለች። አልተቆጣችህም። አድራሻችንን ልጽፍልህ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ልጠይቅ ስነሳ ግን እጄን ያዘችኝ። ቃሏን ሳልቀንስ እነሆ፦

"አትጻፊለት። አድራሻ ከላክንለት ደብዳቤ ይልካል። በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ በምርኩዝ፣ እኔ ወጥቻለሁ በይው። አሁን ያችን ቁልፍ ለራሱ ይጫናትና ይውጣ። ሊያየኝ ከፈለገ መጥቶ መንገድ ላይ ይፈልገኝ፤ ነጭ ተጎታች ነው፣ መስኮት አለው፣ አያጣኝም።"

ከዚያ ደጅህ ይስፋ ብላ መረቀችህ።

መርፌ